ግማሽ ምክር፤ በሁርሊንግሃም ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሥራና ስለ ኑሮ በሚሰጡ ምክሮች ላይ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥም ወይም ስለ ቲያትር የሚቀርብ አስተያየት ነው። ዳሩ ግን በየዕለቱ የሚነገር፣ ሰሚውም የሚሠራበት አንድ ሌላ የቃል ሥራ አለ፤ እርሱም ምክር ነው። አንድ ተማሪ አንድ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ይችላል፤ ምን ልማር፣ ምን ልሥራ፣ ወዴት ልሂድ ለሚለው ጥያቄ ግን ምክር ሳይሰማ አንድ ወር አያልፈውም። ልብ ወለዱ ቢበላሽ የሚጠፋው የንባብ ሰዓት ነው። ምክሩ ሲበላሽ የሚጠፋው የሰው ዕድሜ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ነገር ያለ ሂስ መታለፉ ተገቢ ሆኖ አይታየንም።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ተረት። ተረቱ ጥፋቱን በሙሉ ያሸከመው በተመካሪው ላይ ነው። ምክሩን ሰምቶ፣ እንደ ተባለው አድርጎ፣ ከዚያም በኋላ መከራ ያገኘውን ሰው ግን የሚያነሳ ተረት እምብዛም አይሰማም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ሰው ነው፤ ጥያቄውም መካሪው ምን አጎደለ የሚል ነው።

ለምርመራ የመረጥነው ቦታ በናይሮቢ ከተማ የሚገኘውን የሁርሊንግሃም ሰፈር ነው። ሁርሊንግሃም ከመሀል ከተማው በስተ ምዕራብ ያለ፣ ስሙን ለንደን ውስጥ ካለ ሰፈር ጋር የሚጋራ የእንግሊዞች ዘመን ትዝታ ነው። በመሀሉ የሚያልፈው ዋና መንገድ በአርግዊንግስ ኮዴክ ስም ይጠራል። አርግዊንግስ ኮዴክ ከኬንያ አፍሪካውያን መካከል የመጀመሪያው የሕግ ጠበቃ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ በማው ማው ትግል የተከሰሱ ሰዎችን በፍርድ ቤት ቆሞ የተከራከረላቸው ሰው ነበር፤ በ1969 ያን ጊዜ ሁርሊንግሃም ይባል በነበረው በዚሁ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ሰፈርና በአጎራባቹ በኪሊማኒ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እንጀራ የሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች አሉ፤ ቡና ይፈላል። አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለንግድ፣ አንዱ በስደት፣ አንዱም ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር መጥቶ በዚያው የከረመ ነው። አዲስ መጪ ሲገኝ የሚቀርብለት የመጀመሪያው ነገር ቡና ነው፤ ሁለተኛው ምክር ነው።

ይህን ሰፈር የመረጥንበት ምክንያት እዚያ የሚኖሩትን ለመውቀስ አይደለም። በናይሮቢ የተጀመረ ነገር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገራችን ሲመጣ ስላየን ነው። በስልክ ገንዘብ መላክ በኬንያ በኤም-ፔሳ ስም የተጀመረው በ2007 ነበር። በኢትዮጵያ ቴሌብር በ2021 ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳም ራሱ በ2023 ገባ። በደሴ ወይም በደብረ ማርቆስ የሚያስተምር መምህር ዛሬ በሁርሊንግሃም የሚሰማውን ምክር ቢመረምር፣ ነገ ተማሪዎቹ የሚሰሙትን አስቀድሞ መረመረ ማለት ነው።

በዚያ ከሚሰሙት ምክሮች ሦስቱን እንውሰድ። የመጀመሪያው ስለ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብህን በስልክህ ያዝ፣ ሲቸግርህም ከስልክህ ተበደር የሚል ነው።

የዚህን ምክር በጎ ጎን መካድ አይቻልም። ከኤም-ፔሳ በፊት ከናይሮቢ ወደ ገጠር ገንዘብ የሚልክ ሰው በአውቶቡስ ሾፌር ወይም በመንገደኛ እጅ ነበር የሚልከው፤ ይደርስም ይቀርም ነበር። ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ምሁራን በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ይህ አገልግሎት ከኬንያ ቤተሰቦች 2 በመቶ የሚሆኑትን ከድህነት እንዳወጣ አስረድተዋል። ለውጡ ይበልጥ የታየውም ሴቶች በሚመሯቸው ቤተሰቦች ዘንድ ነበር። ስለዚህ ገንዘብን በስልክ መያዝ የሚለው የምክሩ የመጀመሪያ ግማሽ በማስረጃ የተደገፈ ነው።

ጉድለቱ ያለው በሁለተኛው ግማሽ ነው። በ2012 መጨረሻ ኤም-ሽዋሪ የተባለ የቁጠባና የብድር አገልግሎት በዚያው ስልክ ላይ ተጀመረ። ሲጀመር ለ30 ቀን ብድር የሚጠየቀው ክፍያ 7.5 በመቶ ነበር፤ ስሙም ወለድ ሳይባል የአገልግሎት ክፍያ ተባለ። 1,000 ሺሊንግ የተበደረ ሰው 1,075 ይመልሳል። ሰባ አምስት ሺሊንግ ብዙ አይመስልም፤ መካሪውም የሚናገረው ይህችን ቁጥር ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ሰው ደመወዙ እስከ ወር መጨረሻ ስለማያደርሰው በየ30 ቀኑ እየከፈለ እንደገና ቢበደር፣ በ12 ዙር የሚከፍለው 900 ሺሊንግ ነው። ይኸውም በ1,000 ሺሊንግ ላይ 90 በመቶ መሆኑ ነው። ዋናው ብድር ግን ከነነፍሱ እንዳለ ነው። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ትምህርት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሒሳቡን ለመሥራት ማሰብ ነው።

ከዚህም ሌላ በኋላ የተነሱ ልዩ ልዩ የስልክ አበዳሪዎች ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር በስልኩ ውስጥ ወደ ተመዘገቡት ዘመዶቹና የሥራ ባልደረቦቹ እየደወሉ ያሳፍሩት ነበር። ዕዳው ከኪስ አልፎ ወደ ቤተሰብና ወደ መሥሪያ ቤት ገባ። ነገሩ እየከፋ በመሄዱ ኬንያ በ2021 መጨረሻ ሕግ አውጥታ አበዳሪዎቹን በማዕከላዊ ባንኳ ቁጥጥር ሥር አደረገች፤ በ2022 የወጣው ደንብም ይህን የማሳፈር ዘዴ ከለከለ። በአገራችንም ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2022 የስልክ ብድር ጀምሯል። እንግዲህ ተማሪው ተበደር ወይም አትበደር ከሚለው ቃል ይልቅ የሚጠቅመው፣ ክፍያውን በወር ሳይሆን በዓመት አስልቶ ማየት መልመዱ ነው።

ሁለተኛው ምክር ስለ ሥራ ነው። ኮምፒዩተር ያለበትን ሥራ ሁሉ ያዝ፤ ወንበር፣ ጠረጴዛና የቢሮ አየር ያለው ሥራ ከፀሐይና ከአቧራ ያወጣሃል ይላል። ይህም መነሻ ያለው ምክር ነው። ከሁርሊንግሃም አጠገብ በሚያልፈው በንጎንግ መንገድ ላይ በ2010 አይሃብ የተባለ የቴክኖሎጂ ወጣቶች መሰብሰቢያ ተከፍቶ ነበር። በ2007 መጨረሻ ከተደረገው ምርጫ በኋላ ብጥብጥ ሲነሳ፣ በ2008 መጀመሪያ ኡሻሂዲ የተባለውን፣ ሕዝብ በስልክ የሚልከውን ወሬ በካርታ ላይ የሚያሳይ ሥራ የፈጠሩት በኬንያ ልጆች የተመራ ቡድን ናቸው። ኡሻሂዲ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ሥራው ከኬንያ አልፎ በሌሎች አገሮችም ተሠራበት። እነዚህን ያየ ሰው ልጁን ኮምፒዩተር ተማር ቢል አይፈረድበትም።

ስሕተቱ የመሣሪያውን ስም የሥራው ስም አድርጎ መውሰዱ ነው። ማረሻ የያዘ ሁሉ ባለ መሬት እንዳልሆነ፣ በኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠም ሁሉ ባለ ቴክኖሎጂ አይደለም። በዚያችው በናይሮቢ ሳማ የተባለ ኩባንያ ፌስቡክን ለሚያስተዳድረው ለሜታ ድርጅት ይዘት አጣሪዎችን ቀጥሮ ያሠራ ነበር። ይዘት አጣሪ ማለት ሕዝብ በፌስቡክ ላይ ከሚያወጣቸው ጽሑፎችና ሥዕሎች የተከለከሉትን እየለየ የሚያስወግድ ሠራተኛ ነው። የሚያየውም የታረደ ሰው፣ የተደበደበ ሕፃን፣ የተደፈረች ሴት፣ ግድያ የሚቀሰቅስ ስድብ ነው። ይህ ሥራ ቋንቋ ይፈልጋልና ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች ተቀጠሩ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ጦርነት በነበረበት ጊዜ የወገናቸውን ሬሳ በሥራ ሰዓት እያዩ ይለዩ ነበር ማለት ነው።

ታይም የተባለው መጽሔት በየካቲት 2022 ስለነዚህ ሠራተኞች ባወጣው ዘገባ አንዳንዶቹ በሰዓት እስከ 1.50 ዶላር ዝቅ ያለ ገንዘብ እጃቸው ላይ እንደሚደርስ ጽፏል። በግንቦት 2022 ዳንኤል ሞታውንግ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የቀድሞ ሠራተኛ በናይሮቢ ክስ መሠረተ። ሲቀጠር የሥራው ጠባይ በሚገባ እንዳልተነገረው አመለከተ። በ2023 ኩባንያው ይህን ሥራ ሲያቆም ከ180 በላይ አጣሪዎች ተጨማሪ ክስ አቀረቡ። የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ከአገሩ ርቆ ለሄደው ወጣት ሥራ ማጣት መኖሪያም ማጣት ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። በ2024 መጨረሻ ይፋ በሆነ ማስረጃ መሠረት፣ ከሁርሊንግሃም ብዙ የማይርቀው የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ኃላፊ ከ140 በላይ በሆኑ አጣሪዎች ላይ በአስፈሪ ነገር ምክንያት የሚመጣ የአእምሮ ሕመም አግኝተዋል። ኩባንያዎቹ በበኩላቸው ክሱን ተቃውመዋል፤ የምክር አገልግሎትና ተገቢ ደመወዝ ይሰጥ ነበር ብለዋል። ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። የእኛ ሂስ የሚያነጣጥረው ግን ወጣቱ ከቤቱ ሲነሣ የተሰጠው ምክር ከዚህ ሁሉ አንዱንም ባለመያዙ ላይ ነው።

ሥራው ዋጋ ቢስ ነው ማለትም አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በኅዳር 2021 መጀመሪያ በቤታቸው አጠገብ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በታኅሣሥ 2022 በናይሮቢ ባቀረበው ክስ፣ አባቱን የሚያስፈራሩ ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ መውጣታቸውንና ይነሱ ዘንድ ቢያመለክትም በጊዜው አለመነሳታቸውን ገልጿል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ይህን ያነበበ መምህር ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ክፉውን ቃል ከመልካሙ የሚለይ ሰው የሰው ሕይወት ጠባቂ ነው። ሁለተኛ፣ ሕይወት ጠባቂ በሰዓት በሳንቲም የሚከፈለው ከሆነ፣ ለሚጠበቀውም ሕይወት የተሰጠው ዋጋ ያው ነው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» የሚለው ተረት ስለ አጥር አጣሪ ይናገር እንጂ፣ ዛሬ ለይዘት አጣሪውም የተነገረ ይመስላል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው፣ ከሞቱ በኋላ በ1924 በታተመው መጽሐፉ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ሰዓት ሥራ እንደሚለውጥ አስረድቶ ነበር። እርሱ ያሰበው ስለ ቡና፣ ስለ ቆዳና ስለ ጨርቅ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ያው ነገር በቋንቋችን ላይ ደረሰ። አማርኛ ማወቅ እንደ ጥሬ ዕቃ በሰዓት ተሸጠ፤ መሣሪያው፣ ደንቡና ትርፉ በሌላ እጅ ቀረ። ቴክኖሎጂ ተማር የሚለው ምክር ይህን ልዩነት ካላስረዳ፣ ተማሪውን የሚያደርሰው እስከ ወንበሩ ድረስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክር ስለ ግል ኑሮ ነው። ለቤተሰብህ ክፉ ወሬ አትንገር፤ ገንዘብ ላክ፣ ደህና ነኝ በል ይላል። ከሦስቱ ምክሮች ይህ በጣም የሚወደደውና ለሂስም የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ከፍቅር የመጣ ነውና። እናት ሩቅ ሆና የማትረዳውን ችግር ሰምታ እንቅልፍ እንድታጣ ማን ይፈልጋል? የልጅን ጨዋነት የሚያሳይ ልማድ መሆኑን እንቀበላለን።

ነገር ግን ይህ ምክር ከሁለቱ ጋር ሲደመር ምን እንደሚሆን እንይ። ይዘት አጣሪዎቹ ሲቀጠሩ የሥራውን ነገር ለማንም እንዳይናገሩ የምስጢር ውል ይፈርሙ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ በቀን ያየውን ለአሠሪው ሲል ይደብቃል፤ ማታ ደግሞ ለእናቱ ሲል ይደብቃል። በስልክ የተበደረውንም ዕዳ ለዘመዶቹ አፍሮ ይደብቃል። ስልኩ ገንዘብ ይልካል፣ ፎቶግራፍ ይልካል፣ ደህና ነኝ የሚል ድምፅም ይልካል፤ እውነቱ ብቻ አይላክበትም። በዚያ ወገን ያለው ታናሽ ወንድም ፎቶግራፉን አይቶ፣ ወንድሜ ቢሮ ይሠራል ብሎ ለጓደኞቹ ይናገራል፤ ጓደኛውም ይነሣል። የአንዱ ዝምታ የሌላው ምክር ሆነ ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ግማሽ ምክር ምንጩም እዚህ ላይ ነው፤ የደረሰበት ሰው ስለማይናገር፣ ያልደረሰበት ሰው ይመክራል።

በአጠቃላይ የሦስቱ ምክሮች ጠንካራ ጎን ከኑሮ የወጡ፣ አጫጭርና በቀላሉ የሚያዙ መሆናቸው ነው። ደካማ ጎናቸውም አንድ ነው። ስለ መሣሪያው ይናገራሉ፤ ስለ ውሉ ዝም ይላሉ። ስልኩን ያመሰግናሉ፣ የብድሩን ውል አያነሱም። ኮምፒዩተሩን ያመሰግናሉ፣ የቅጥሩን ውል አያነቡም። የተላከውን ገንዘብ ይቆጥራሉ፣ የተከፈለበትን ዋጋ አይጠይቁም። በአንድ የሕግ ጠበቃ ስም በተጠራ መንገድ ዳር ተቀምጦ ስለ ውል ሳያነሱ ስለ ሥራ መምከር የሚያሳዝን ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሳ ይችላል። የተራበ ሰው ውል የሚያነብበት ጊዜ የለውም፤ ያገኘውን ይይዛል የሚል ነው። መቃወሚያው እውነት አለው፤ ሆኖም መጠየቅና እምቢ ማለት አንድ አይደሉም። ሥራው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያወቀ ወጣት ምናልባት ያንኑ ሥራ ይይዝ ይሆናል። ነገር ግን ስንት ወር እንደሚቆይበት አስቦ፣ የሚያጫውተው ሰው አዘጋጅቶ፣ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር መታሰሩን አውቆ ይገባል። ብቻውንም አይቀርም። በግንቦት 1 ቀን 2023፣ በሠራተኞች ቀን፣ ከ150 በላይ የሚሆኑ የቴክኖሎጂ ሠራተኞች በናይሮቢ ተሰብስበው የይዘት አጣሪዎች ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጥተዋል። የተራቡ ሰዎችም ውል ሊያነቡና በአንድነት ሊናገሩ እንደሚችሉ ያሳዩት እነርሱ ናቸው።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዚህ ምን ድርሻ አለው? ተማሪው ከዘመድና ከጎረቤት የሚሰማውን ምክር መምህሩ ሊያስቀር አይችልም፤ ሊያስቀርም አይገባውም። ሊያደርግ የሚችለው ምክርን እንደ ድርሰት ማስተቸት ነው። የሒሳብ መምህሩ ወለድን ሲያስተምር በመጽሐፉ ካለው ምሳሌ ጎን አንድ የስልክ ብድር ወስዶ የዓመቱን ክፍያ ቢያስወጣ፣ ትምህርቱ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ አይቀርም። የአማርኛ መምህሩ ከግጥምና ከደብዳቤ አጻጻፍ ጋር የአንድ የሥራ ውል አንቀጽ አቅርቦ ተማሪዎቹ በተራ አማርኛ እንዲያብራሩት ቢያደርግ፣ የንባብ ችሎታ ለምን እንደሚያስፈልግ ያያሉ። የሥነ ዜጋ መምህሩም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዞ፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ መደንገጉን ቢያሳይ፣ ተማሪው መብት የሚባለው ነገር ቁጥር እንዳለው ይረዳል።

ከዚህም ጋር ተማሪው ማንኛውንም ምክር ሲሰማ የሚያቀርባቸው አራት ጥያቄዎች ቢኖሩት መልካም ነው። መካሪው ይህን በራሱ ላይ አይቶታል ወይስ ሰምቶ ነው? ብሄድበት እርሱ የሚያገኘው ጥቅም አለ? በወር የተነገረኝ ነገር በዓመት ሲሰላ ስንት ይሆናል? ቢከፋኝ ለማን ልነግር እችላለሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም መልስ የሌለው ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባው እርሱ ነው።

መምህር ራሱም መካሪ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪ መጥቶ ምን ልማር ሲለው፣ ኮምፒዩተር ተማር ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው። ኮምፒዩተር ተማር፤ የማን እንደሆነና ለማን እንደምትሠራበትም ጠይቅ ብሎ ማሰናበት ግን አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ይጨምራል። በሁርሊንግሃም የሚሰማው ምክር የጎደለው ያ አንድ አረፍተ ነገር ነው።